ግማሹ ሹሩባ

ጥብቄ ፀጉር ቤት የገባች ሴት መጀመሪያ የሚገርማት መስታወቱ ነው። ሹሩባ ሠሪ መስታወት ምን ያደርግላታል? ተሠሪዋ ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ቁጭ ትላለች፣ ሠሪዋ ከኋላዋ ከፍ ብላ ጭንቅላቷን በጉልበቶቿ መሐል ትይዛለች፣ ከዚያ ሥራው እስኪያልቅ ፊት ለፊት አይተያዩም። ጥብቄ ግን ከዱካዋ ትይዩ የቁም ሳጥን በር የሚያህል መስታወት ግድግዳው ላይ አስደግፋለች። ደንበኞቿ ለእነሱ የተቀመጠ ይመስላቸውና አንገታቸውን ወዲያ ወዲህ ማለት ይጀምራሉ። «እረፊ አንቺ! ላንቺ አይደለም፣ ለኔ ነው!» ትላቸዋለች።

እውነቷን ነው። መስታወቱ የእሷ ነው። እንዴት እዚያ እንደ ገባ ለማወቅ ግን ስለ ሴትዮዋ ትንሽ መስማት ያስፈልጋል።

ጥብቄ የሚለውን ስም ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ዋናውን ስሟን የምታስታውሰው እናቷ ብቻ ናት፣ እሷም የምትጠራበት በጣም ስትቆጣ ነው። እጇ አያድርስ ነው! ፀጉር የምትይዘው ከሥሩ ነው፤ ቅንድብ ሽቅብ ይሳባል፣ ዓይን ይቀጥናል፣ እንባ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ግን የእሷ ሹሩባ ይቆያላ! ሌላ ቦታ የተሠራችው በሳምንቱ ስትንጨባረር፣ ጥብቄ የሠራቻት ተኝታበት፣ ታጥባው፣ ከባሏ ተጣልታ ታርቃ፣ ፀጉሯ ንቅንቅ አይልም። «ኧረ አመመኝ» የምትላት ካለች መልሷ አንድ ነው፦ «የኔ እጅ ነው፣ ነገ ይለቅሻል።» በነጋታውም ይለቃል። ስንት ዓመት እንዲህ ስትል ኖራ አንድም ቀን ተሳስታ ስለማታውቅ፣ አፏ ሳታስበው ይለዋል።

ሌላም ኩራት አላት። የሠራችውን አትፈታም። «ለመፍታት ሌላ ሰው ፈልጊ፣ እኔ የገዛ እጄን አላፈርስም» ባይ ናት።

ሴቶቹ እሷ ጉልበት ሥር ከተቀመጡ የሆዳቸውን ይዘረግፋሉ። ፊት ለፊት ሰው ስለሌለ ይሆናል፣ ወይም ጭንቅላታቸው ተይዞ መሄጃ ስለሌላቸው። እሷም ታዳምጣለች፣ ትስቃለች፣ ትሰድባለች። ፊታቸውን ግን ብዙም አታውቀውም። መንገድ ላይ ከፊት ስትመጣ ዝም ብላ ያለፈቻትን ደንበኛ፣ ዞር ስትል ማጅራቷን አይታ «ውይ! አንቺ ነሽ እንዴ? ምነው ሰላም አትይም?» ብላ የምትጮህ ሴት ናት። አሁን ደግሞ ጥፋቱ የደንበኛዋ ሆኖ ቁጭ!

አባቷ ሲሞት ወንድሟ ገና ዳዴ የሚል ልጅ ነበር። በነዚያ ጣቶች አሳደገችው፣ አስተማረችው፣ የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ አስወጣችው፣ ዳረችው። ሚስቱ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ሳቋ ግን ቤት የሚሞላ ልጅ ናት። ከተጋቡ ዓመታት ቢያልፉም ዛሬም ቤተሰቡ «ሙሽራ» ይላታል። እሷና ጥብቄ እንደ ባል እህትና እንደ ወንድም ሚስት ሳይሆን እንደ አንድ እናት ልጆች ናቸው። ሙሽራ ስታረግዝ ጥብቄ ለመንደሩ ሁሉ ያወራችውን ያህል፣ እርጉዟ እሷ ራሷ ብትሆን እንኳ አታወራውም ነበር።

ከፀጉር ቤቱ ብዙ የማይርቅ ጤና ጣቢያ አለ። እዚያ የምትሠራ ሲስተር ደንበኛዋ ናት። አንድ ቀን ይህች ሲስተር ዱካው ላይ ተቀምጣ፣ እንባዋን እየጠረገች፣ ስለ ሥራዋ ስታማርር ነበር። «ሰዉ ሁሉ ወለደች፣ ተገላገለች ይልና ዞር ይላል። እናት የምትታመመው እኮ ከወለደችም በኋላ ነው። ራሷን አሟት አልለቅ ካላት፣ ዓይኗ ብዥ ካለባት፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ነገ እናያለን አይባልም። ያኔውኑ ይዞ መምጣት ነው።»

«እሺ እሺ፣ አንገትሽን ቀና አድርጊ» አለቻት ጥብቄ። በዚያች ሰዓት ያሳሰባት የመስመሩ መጣመም ነበር።

ሙሽራ ወንድ ልጅ በሰላም ወለደች። እልልታው ቀለጠ፣ ዘመድ ጎረፈ። እናትየዋ፣ ማለትም የጥብቄና የሾፌር ወንድሟ እናት፣ ጓዟን ጠቅልላ ልጇ ቤት ገባች። ጥፋት የላትም፣ ደግ ሴት ናት። ጨርቅ ታጥባለች፣ ሾርባ ትሠራለች፣ አራሷ ባልዲ ስታነሣ ካየች ትጮኻለች። ሕፃኑንማ ተዉት! ስትነጥቀው፣ ስትስመው፣ ስታሸተው ነው የምትውለው።

ቅዳሜ ዕለት ጥብቄ ሚዶዋንና የቅባት ብልቃጧን ይዛ መጣች። በማግሥቱ እሑድ የሾፌሩ ባልደረቦች ከነሚስቶቻቸው ሊጠይቁ ስለሚመጡ፣ እናትየዋ ናት ያስጠራቻት። «የልጄ ሚስት እንደ ቁጥቋጦ ሆና ለሰው አትታይም» ብላ።

ጥብቄ ገባች፣ ሙሽራን ጉንጯን ስማ ሮጣ ወደ ሕፃኑ። «እሰይ የኔ ጌታ! እሰይ የኔ አንበሳ! አፍንጫው የኔ ነው!» ጠግባ ካየችው በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ለሙሽራ ወለሉ ላይ ትራስ አነጠፈችላትና ጭንቅላቷን በጉልበቶቿ መሐል አደረገች። ከምሳ በኋላ ነበር፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ምንጣፉ ላይ ተኝታለች። ጓሮ ገመድ ላይ የሕፃኑ ጨርቆች ይውለበለባሉ፣ ወጥ ቤት እናትየዋ ድስት ታማስላለች።

ከግንባር ጀመረች። ጥቂት እንደ ሠራች ሙሽራ ቀስ ብላ፣ «እታለም፣ ራሴን አመመኝ» አለች።

«የኔ እጅ ነው፣ ነገ ይለቅሻል።»

«ያማል እንጂ!» አለች እናትየዋ ከወጥ ቤት እየሳቀች። «እኔን የሠራችኝ ጊዜ ትራስ ላይ መተኛት አቅቶኝ ቁጭ ብዬ ነው ያነጋሁት። ቻይው፣ ልጄ!»

ሙሽራ ቻለችው። ጥብቄ የቀኙን ግማሽ ጨረሰችና ሚዶዋን አፏ ውስጥ ነክሳ ወደ ግራ ልትዞር ስትል ሙሽራ እንደገና ተናገረች።

«እታለም፣ እባክሽ መብራቱን አጥፊልኝ።»

«የቱን መብራት?»

«ይሄንን ብልጭ ብልጭ የሚለውን።»

ጥብቄ ቀና ብላ አምፖሉን አየች። አልበራም። በጠራራ ፀሐይ ማን ያበራዋል? ሚዶው ከአፏ ወደቀ። ከአልጋው ወርዳ ከፊት ዞረችና ቁጢጥ ብላ የወንድሟን ሚስት ፊት አየች። የዓይኖቿ ቆብ አብጦ ዓይኗ መስመር ብቻ ሆኗል፣ ጉንጯ ተወጥሯል፣ የጋብቻ ቀለበቷ ጣቷ ውስጥ ሰምጧል። ይህን ፊት ስትገባ ስማዋለች። ስማዋለች እንጂ አላየችውም።

«ወይኔ! ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከትናንት ወዲያ። ሹሩባውን ሳትጀምሪም ነበረኮ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች ሙሽራ። የማማረር ድምፅ አልነበረውም፣ ግራ የገባት እንጂ። «ጠባ ወይ ይሉኛል፣ ተኛ ወይ ይሉኛል። እኔ ደግሞ አሁን ይለቀኛል፣ አሁን ይለቀኛል እያልኩ...»

ጥብቄ ያን ጊዜ በሕይወቷ አድርጋ የማታውቀውን አደረገች። የሠራችውን ፈታች። ግንባር ላይ ያሉትን፣ ዋናዎቹን ጠባቦቹን፣ በጥፍሯ እየፈለቀቀች በተነቻቸው። «አሁንስ? ለቀቀሽ?»

«አልለቀቀኝም።»

«ትንሽም?»

«ምንም። እንዲያውም ከዚህ ሥር፣ ጎድኔ ሥር፣ ወጋኝ።»

«የኔ እጅ አይደለም» አለች ጥብቄ። ለማንም አልነበረም ያለችው፣ ለራሷ ነው። የሲስተሯ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣባት፣ አንድም ቃል ሳይጎድል። ይቺ ልጅ ልትሞት ትችላለች አለች በልቧ፣ እኔም የኔ እጅ ነው እያልኩ አስቀምጬ ልገድላት ነበር።

«ተነሺ፣ የኔ እናት። ጤና ጣቢያ ልንሄድ ነው።»

ይህን ጊዜ እናትየዋ ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ አለች። የተበተነውን ፀጉር ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ። «ምን እያደረግሽ ነው? ጨርሼ አስጌጣታለሁ ብለሽ አይደል የመጣሽው?»

«አሟታል፣ እማዬ። ከሹሩባው አይደለም። ፊቷን እዪው።»

«ፊቷ ወፈረ እንጂ ምን ሆነ? እያበላኋት፣ እያጠጣኋት ነው! ደግሞ ራሱን የማያመው አራስ የታለ? እኔ ስንቱን ወልጄ ስንቱን አልፌያለሁ፣ ሾርባዋን ትጠጣና ጋደም ትበል።» ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። «ደሞ በዚህ ራስ? ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ተንጨባርሮ? ሰፈርተኛው ምን ይላል? አበደች ነው የሚለው!»

«ያሻውን ይበል።»

ሾፌሩ ጫጫታውን ሰምቶ ከጓሮ መጣ። እናቱን አየ፣ እህቱን አየ፣ ሚስቱን አየ። ከባድ መኪና ቁልቁለት ላይ የሚያቆም ሰው እነዚህ ሴቶች መሐል ሲገባ ፍሬኑ ይጠፋበታል። «እታለም፣ እስኪ ትንሽ ትተኛና ካልተሻላት...»

«አንተን አሳድጌሃለሁ፣ እወድሃለሁ፣ ዛሬ ግን ሐሳብህን አልጠየቅኩህም» አለችው ጥብቄ። «ጫማህን አድርግና ታክሲ ጥራ!»

ጫማውን አደረገ። እናትየዋ ግን ደጃፉ ላይ ቆመች። በዋናው ስሟ ጠራቻት፣ ጮክ ብላ፣ ከነአባቷ። በዚያ ስም ስትጠራ ጥብቄ ጎልማሳም ሆና ትደነግጥ ነበር፣ ያን ቀንም ደነገጠች። ቢሆንም ወደኋላ አላለችም።

«እማዬ፣ ስሚኝ። ከተሳሳትኩ ነገ እንግዳው ሁሉ ፊት ሳቂብኝ፣ መሳቂያ ልሁን። ካልተሳሳትኩና እዚህ ካስቀመጥናት ግን፣ ነገ የሚመጣው እንግዳ እንኳን ማርያም ማረሽ ሊል አይደለም የሚመጣው። ሊያለቅስ ነው።»

ማማሰያው እናትየዋ እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከበሩ ዞር አለች።

ጥብቄ የራሷን ሻሽ ፈትታ የሙሽራን ራስ ሸፈነችበት፣ ሻሹ ግን ታክሲው ውስጥ ወደቀና ማንም አላነሣውም። ጤና ጣቢያው በር ላይ ዘበኛው ጥብቄ የታቀፈችውን ሕፃን አየና «ምን ነካው ልጁ?» አለ። «ልጁ ደህና ነው፣ እናቱ ናት» አለችው። ውስጥ፣ ካርድ የምታወጣዋ ልጅ ብዕሯን ይዛ፣ «የሕፃኑ ችግር ምንድን ነው?» አለች። «ሕፃኑ ደህና ነው።» ወረፋ የያዙት ሴቶች አንገታቸውን አስግገው፣ «ውይ ሲያምር፣ ምን ሆኖ ነው?» አሉ። ያኔ ጥብቄ ፈነዳች።

«ኧረ ሕፃኑ ደህና ነው! ወፍራም ነው፣ ጠግቧል፣ ተኝቷል! እናትየዋን እዩልኝ! ሰው አይደለችም እንዴ? እናትየዋን!»

አንድ በር ተከፈተና ያቺ ደንበኛዋ ሲስተር ወጣች። ግማሹ የተሠራ፣ ግማሹ የተበተነ ራስ አየች፣ ከሥሩም ያበጠውን ፊት። ጥያቄ አላበዛችም። ሙሽራን በክንዷ ደግፋ አስገባቻት፣ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ ጠቀለለችና ነፋችው። ስታነብ ፊቷ ተለዋወጠ። ደግማ ለካች። ከዚያ ሐኪሙን ጠራችው፣ ወዲያውም መርፌ መጣ፣ ግሉኮስ ተሰቀለ፣ ጥብቄና ወንድሟ ወደ ውጭ ወጡ።

ሾፌሩ ግድግዳ ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ትንሽ ትተኛ ብዬ ነበር» ይላል፣ ደጋግሞ። «እታለም፣ ትንሽ ትተኛ ብዬ ነበርኮ።»

«ዝም በልና ልጅህን ያዝ» አለችው። ፈርታለች፣ ግን አንዳቸው መቆም አለባቸው።

ሲስተሯ ብዙ ቆይታ ወጣች። «ግፊቷ ጣራ ነክቶ ነበር። መድኃኒቱን ጀምረናል፣ ትንሽ ወረድ ብሏል፣ ግን ገና ነው። ብትዘገዩ ኖሮ ሊያንቀጠቅጣት፣ ራሷን ልትስት፣ ከዚያም ላናገኛት እንችል ነበር።»

«ወልዳም? ከወለደች በኋላም?»

«ከወለደችም በኋላ። ነግሬሽ አልነበር?»

«ነግረሽኛል» አለች ጥብቄ። «አንገትሽን ቀና አድርጊ ነበር ያልኩሽ።» ከዚያ አለቀሰች። ሲስተሯ ትከሻዋን ይዛ፣ «ያም ሆኖ አምጥተሻታል» አለቻት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እናትየዋ ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ መጣች። በእግሯ ነው የመጣችው፣ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ከጥብቄ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ተሳስቼ ነበር አይደል?» አለች።

«አዎ፣ እማዬ። እኔም ተሳስቼ ነበር፣ ካንቺ በፊት።»

«አንቺን የወለድኩ ጊዜ እኔንም እንዲህ አድርጎኝ ነበር። ራሴን ሊፈልጠኝ፣ ዓይኔ ሊጨልም። አንቺን ከእጅ እጅ እየተቀባበሉ ሲስሙ፣ እኔ ወደ ግድግዳ ዞሬ ተኝቻለሁ። የቅርብ ወዳጄ ትመጣ ነበር፣ እሷም አላየችኝ። በኋላ በራሱ ጊዜ ተወኝ።» ፔርሙዙን በሁለት እጇ ጨበጠችው። «እኔ ስለ ተረፍኩ፣ ነገሩ ቀላል መሰለኝ።»

ጥብቄ እናቷን እንዲህ ፊት ለፊት አይታት አታውቅም ነበር። ብዙ ዓመት የሠራችው ማጅራቷን ነው።

ሙሽራ ዳነች። ወዲያውኑ አይደለም፤ መድኃኒቱ ሲቀያየር፣ ግፊቱ ወጣ ወረድ ሲል ሰንብታ፣ ቀለበቱ ጣቷ ላይ እንደገና መዞር ሲጀምር ወደ ቤቷ ተመለሰች። እሑድ ሊመጡ የነበሩት እንግዶች ደግሞ ዘግይተው መጡ። ጥብቄ በር ላይ ተቀበለቻቸው። «ልጁ የት አለ?» ብላ የገባችውን ሁሉ ክንዷን ይዛ ወደ አልጋው አዞረቻት። «መጀመሪያ እናቱን ጠይቂ። እንዴት ነሽ በያት፣ መልሷንም ቆመሽ ስሚ። ከዚያ ልጁን ታያለሽ።» አንዳንዷ ተቀየመች። ተቀየሚ!

መስታወቱን የገዛችው በዚያው ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ጥብቄ ዱካ ላይ አራስ ስትቀመጥ፣ ሚዶው ፀጉሯን ሳይነካ መስታወቱ ውስጥ ፊቷን ታያለች፣ «ልጁ ይቆየንና፣ አንቺ እንዴት ነሽ? እንቅልፍሽስ? ሆድ የሚያስብስሽ ነገር አለ?» ትላለች። «ደህና ነኝ» ብላ ጀምራ፣ መስታወት ውስጥ ከገዛ ፊቷ ጋር ስትገጣጠም ድምፅዋ የሚሰበር ብዙ ናት። እንዲህ ያለችውን ሥራዋን አቁማ ሲስተር ዘንድ እጇን ይዛ የምታደርስበት ቀንም አለ፣ ወረፋ የያዙት ደንበኞች ቢያጉረመርሙም።

ሙሽራ የተረፈውን ግማሽ ሹሩባ ግን አላስፈታችም ነበር። ሐኪሞቹ ሲስቁባት፣ «የጀመረችው ትምጣና ትጨርሰዋለች» እያለች ከነሱ ጋር ስትስቅ ከረመች። ሲሻላት አንድ ከሰዓት ጥብቄ መጣች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ሙሽራም ትራሱ ላይ። ያው መስኮት፣ ያችው ፀሐይ። ጥብቄ ልትጀምር ስትል እናትየዋ ሕፃኑን አልጋ ላይ አስተኝታ፣ ከወጥ ቤት በርጩማ ይዛ መጣችና ከሙሽራ ፊት ለፊት ቁጭ አለች። ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

«ምን ልታደርጊ ነው፣ እማዬ?»

«እዚህ ቤት መስታወት የለሽም። አንቺ ከኋላ ሥሪ፣ እኔ ፊቷን አያለሁ።»

ጥብቄ ግራውን ጀመረች። እንደ ልማዷ ከሥሩ ይዛ ሳበችው።

«እሕ» አለች ሙሽራ።

የጥብቄ እጅ ቆመ። እናትየዋ ከበርጩማዋ ብድግ አለች። «አመመሽ?»

«ኧረ ሹሩባው ነው፣ እማማ!» ሙሽራ ሳቀች፣ ያ ቤት የሚሞላው ሳቋ። «ይሄኛው የእታለም እጅ ነው!»

እናትየዋ ግን በሳቅ አልተታለለችም። በርጩማዋን ይበልጥ አስጠግታ፣ አገጯን በእጇ ቀና አደረገችና ዓይን ዓይኗን አየቻት። «እርግጠኛ ነሽ? እስኪ ወደ ብርሃኑ ዙሪልኝ፣ ልጄ» አለቻት።